ትርጓሜውን አውቆ ንድፉ ላይ መቸገር፦ ስለ ኖርማላይዜሽን ለጠየቁን ሥራ ፈላጊ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣

በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀው የዳታቤዝ ሥራ እየፈለጉ መሆኑን፣ በአንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ኖርማል ፎርም (የሠንጠረዥ ንድፍ በየደረጃው የሚያሟላቸው መስፈርቶች) ያሉትን ትርጓሜዎች በትክክል ከመለሱ በኋላ አንድ የሽያጭ መዝገብ ቀርቦልዎት ወደ ሠንጠረዦች እንዲከፋፍሉት ሲጠየቁ ግን መነሻው እንደጠፋብዎት ጽፈውልናል። ኖርማላይዜሽንን፣ ማለትም መረጃ ያለአግባብ እንዳይደጋገም ሠንጠረዦችን የመከፋፈል ዘዴን፣ ጠለቅ አድርገው መማር ይሻልዎት እንደሆነ፣ ወይስ ጊዜው አልፎበታል የሚሉትን ሰምተው ሪሌሽናል (መረጃን እርስ በርስ በተያያዙ ሠንጠረዦች የሚይዙ) ወዳልሆኑ ዳታቤዞች መሻገር እንደሚበጅ ጠይቀዋል።

የኋለኛውን ባጭሩ ልመልስ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ የሪሌሽናል ሞዴልን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1970 ስለሆነ ዕድሜው ገፍቷል ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሒሳብን፣ ክምችትንና ደመወዝን የሚይዙ ሥርዓቶች ዛሬም በአብዛኛው የቆሙት በዚሁ ሞዴል ላይ ነው። መረጃን በሠንጠረዥ ፈንታ በሰነድ መልክ የሚይዝ ዶክመንት ዳታቤዝ ቢመርጡም እንኳ አንድ መረጃ በስንት ቦታ ይቀመጥ፣ ሲለወጥስ ሁሉም ቦታ ላይ ማን ያስተካክለው የሚለው ጥያቄ አይቀርልዎትም። ስለዚህ መሻገሩ ችግሩን አይፈታውም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስመለስ፣ የጎደለዎት ትርጓሜ አይመስለኝም። የኖርማል ፎርም ትርጓሜዎች ሁሉ የትኛው ዓምድ በየትኛው እንደሚወሰን አስቀድሞ ታውቋል ከሚል መነሻ ይነሣሉ፤ ጠያቂዎችዎ የፈለጉት ግን ይህንኑ እርስዎ ፈልገው እንዲያወጡት ነበር። ፈንክሽናል ዲፔንደንሲ የምንለው የአንድ ዓምድ ወይም የጥቂት ዓምዶች እሴት ሲታወቅ የሌላው ዓምድ እሴት አንድ ብቻ የሚሆንበትን ግንኙነት ነው። ይህን ግንኙነት በፊትዎ የተዘረጉ ናሙና ረድፎችን በማየት ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ናሙናው ግንኙነቱ እንደሌለ ሊያሳይ ይችላል እንጂ መኖሩን አያረጋግጥም። በናሙናው ውስጥ ያለው ደንበኛ ሁሉ አንድ ስልክ ብቻ ስለተመዘገበለት ሁለተኛ ስልክ መያዝ አይፈቀድለትም ማለት አይደለም። ይህን የሚወስነው የድርጅቱ የአሠራር ደንብ ነውና፣ ሠንጠረዥ ከመሣልዎ በፊት ጠያቂውን ስለ ደንቡ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ብዙ ጠያቂዎች ጥያቄውን ሆን ብለው ጎዶሎ የሚያደርጉት ይህን ለማየት ነው።

የተሰጠዎት መዝገብ የትዕዛዝ ቁጥር፣ የዕቃ ቁጥር፣ የዕቃ ስም፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ የደንበኛ ቁጥርና የደንበኛ ስልክ ይዞ ነበር እንበል። አንድ ዕቃ በአንድ ትዕዛዝ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመዘገብ ከሆነ፣ ቁልፉ፣ ማለትም እያንዳንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለየው፣ የትዕዛዝ ቁጥሩና የዕቃ ቁጥሩ በአንድነት ናቸው። የዕቃው ስም በዕቃ ቁጥሩ ብቻ፣ የደንበኛ ቁጥሩም በትዕዛዝ ቁጥሩ ብቻ ስለሚታወቁ በቁልፉ ከፊል ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ሁለተኛው ኖርማል ፎርም የሚከለክለው ይህን ነው። ትዕዛዞችን በራሳቸው ሠንጠረዥ ካወጡ በኋላ ደግሞ ስልኩ በደንበኛ ቁጥሩ በኩል ዞሮ የሚወሰን ሆኖ ያገኙታል፤ ይህን ሦስተኛው ኖርማል ፎርም ስለማይቀበለው ደንበኛም የራሱ ሠንጠረዥ ይኖረዋል። ለምን እንደከፈሉት ሲያስረዱ ጉዳቱን ይንገሩ፦ ካልተከፈለ ስልክ በተቀየረ ቁጥር ብዙ ረድፍ መታረም አለበት፣ ገና ያልገዛ ደንበኛ አይመዘገብም፣ የአንድ ደንበኛ ብቸኛ ትዕዛዝ ሲሰረዝም ስልኩ አብሮ ይጠፋል።

ዋጋውን እስካሁን የተውኩት በምክንያት ነው፤ ዕጩዎችን የሚለየው ብዙ ጊዜ ይህ ዓምድ ነው። አብዛኛው ተፈታኝ ዋጋ የዕቃው ጠባይ ነው ብሎ ወደ ዕቃው ሠንጠረዥ ይወስደዋል። የዕቃው ወቅታዊ ዋጋ በእርግጥ በዕቃው ይወሰናል፤ ዕቃው የተሸጠበት ዋጋ ግን በትዕዛዙና በዕቃው በአንድነት ነው የሚወሰነው። ሁለተኛውን ካላስቀመጡ፣ ዋጋ በተሻሻለ ማግስት ያለፈው ዓመት ደረሰኝ ሁሉ በአዲሱ ዋጋ ተሰልቶ ይወጣል። ሁለቱ ዓምዶች ዛሬ ተመሳሳይ ቁጥር ቢይዙም የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ስለሆነ፣ ሁለቱንም መያዝ ድግግሞሽ አይባልም። ይህን በቃለ መጠይቅ ላይ አብራርቶ መናገር የቻለ ሰው፣ በእኔ ግምት፣ አምስቱንም ፎርሞች በቃሉ ከሚወጣው ይልቅ ይታመናል።

ከሦስተኛው በላይ ስላሉት ብዙ አይጨነቁ። ከሦስተኛው ጠበቅ ያለውን የቦይስ–ኮድ ኖርማል ፎርምን ይወቁ፤ ወደ እርሱ ሲከፋፈል አንዳንድ ጥገኝነት (ፈንክሽናል ዲፔንደንሲ) በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ መጠበቁ ሊቀር እንደሚችልም ይያዙ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሮናልድ ፋጊን እ.ኤ.አ. በ1977 ያስተዋወቀው አራተኛው ደግሞ ተያያዥነት የሌላቸው ሁለት ዝርዝሮች፣ ለምሳሌ የአንድ ሠራተኛ ሙያዎችና ቋንቋዎች፣ በአንድ ሠንጠረዥ ሲታጨቁ ያስፈልጋል። ለፍጥነት ሲባል መረጃን ሆን ብሎ ስለመድገም ከተጠየቁ፣ አስቀድመው የተስተካከለውን ንድፍ ያሳዩ፤ ከዚያ የትኛውን መረጃ ለዳታቤዙ ለሚቀርብ ለየትኛው ተደጋጋሚ ጥያቄ (ኩዌሪ) እንደሚደግሙና ቅጂው ከዋናው እንዳይለያይ በምን እንደሚጠብቁት ይግለጹ።

ለቀጣዩ ማመልከቻዎ አንድ መካከለኛ ንድፍ ያዘጋጁ። ከሠንጠረዦቹ ሥዕል ጋር፣ የተመሠረቱባቸውን ደንቦች በግልጽ ዓረፍተ ነገር የሚዘረዝር አንድ ገጽ ያያይዙ፤ እያንዳንዱ ደንብ በየትኛው ዋና ቁልፍ፣ ፎሪን ኪ (ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ቁልፍ የሚጠቁም ዓምድ) ወይም የልዩነት ገደብ (እሴት እንዳይደገም የሚከለክል) እንደተጠበቀ ከጎኑ ይጻፉ። በቁልፍም ሆነ በገደብ ሊጠበቅ ያልቻለ ደንብ ካለም አይደብቁት፤ በፕሮግራሙ ኮድ በኩል እንዴት እንዳስከበሩት ያመልክቱ፣ ቃለ መጠይቁ ከዚያ ነጥብ ሊጀምር ይችላልና።