ስክረም ወይስ ካንባን ከማለታችሁ በፊት

ሰሞኑን አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ሦስት ልጆች አገኙኝ። የሶፍትዌር ድርጅት ከከፈቱ ገና ስድስት ወራቸው ነው። «ጋሼ፣ ስክረም ይሻለናል ወይስ ካንባን?» አሉኝ። ሁለቱም የሶፍትዌር ቡድን ሥራውን የሚያደራጅባቸው መንገዶች ናቸው፣ ስክረም በአጭር በተወሰነ ዙር፣ ካንባን ደግሞ ሥራዎቹን ሰሌዳ ላይ ደርድሮ። እኔ ደግሞ «የምትሠሩት ለማን ነው? ገንዘቡስ ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዝም ብለው ተያዩ። ለእነሱ ያልኩትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ይሄን ጥያቄ ሳልጠይቅ ቀርቼ ሰው ጎድቻለሁ።

ከዓመታት በፊት ሜክሲኮ አካባቢ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያሸነፍነውን ሥራ የምመራው እኔ ነበርኩ። አጃይልን፣ ማለትም እነ ስክረም የሚመደቡበትን በትንሽ በትንሹ እየሠሩ የማስተካከል አካሄድ፣ ገና ያነበብኩበት ጊዜ ስለነበር በየሁለት ሳምንቱ እየሠራን እናሳያችኋለን፣ አስተያየት ስጡን፣ እናስተካክላለን አልኩ። ውሉ ግን የሚከፍለው በምዕራፍ ነው። ሰነድ ተፈርሞ፣ ማህተም አርፎበት፣ ርክክብ ሲፈጸም። ኃላፊው «ይሄ ይለወጥ» ይሉናል፣ እኛም በቃል ተቀብለን እንለውጣለን። በስምንተኛው ወር የርክክብ ኮሚቴው የተፈረመውን ሰነድ ገልጦ መስመር በመስመር ማመሳከር ጀመረ። በቃል የለወጥነው ሁሉ «ውሉ ላይ የለም» ተባለ። ኮሚቴውም አልተሳሳተም፣ ነገ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። ክፍያው ግማሽ ዓመት ተጓተተ፣ ደመወዝ ዘገየ፣ ሁለት ጎበዝ ልጆች ለቀቁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እርስ በርሳችን በሁለት ሳምንት መሥራት እንችል ነበር። ከደንበኛው ጋር ግን እያንዳንዷ ለውጥ በዚያው ዕለት ቃለ ጉባኤ ተይዞላት መፈረም ነበረባት።

አጃይልን አትንኩ እያልኩ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዩታ ውስጥ ስኖውበርድ ላይ ተሰብስበው የአጃይልን መግለጫ የጻፉት 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች መጀመሪያ ያስቀመጡት ነገር ከአሠራርና ከመሣሪያ ይልቅ ሰዎችና መግባባታቸው ይቅደም የሚል ነው። እኛ ግን አሠራሩን ብቻ ወስደን መጣን። ዋተርፎልም፣ አንዱን ደረጃ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ የሚወርደው የቆየ አሠራር፣ እንደዚያው ነው። አሜሪካዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ዊንስተን ሮይስ በ1970 እ.ኤ.አ. ያንን ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ሥዕል የሣለው እንዲሁ ከሄዳችሁበት አደገኛ ነው ብሎ ለማስጠንቀቅ ነበር። ሰው ሥዕሉን ያዘ፣ ማስጠንቀቂያውን ተወው።

በኋላ ካዛንቺስ የደመወዝ ሶፍትዌር የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ገባሁ። እዚያ ዋናው ነገር ፍጥነት አልነበረም፣ ወር ሲያልቅ የማንም ደመወዝ በአንድ ሳንቲም እንዳይዛነፍ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ሠራተኛዋ በእጇ ያሰላቻቸውን ምሳሌዎች ሁሉ ኮምፒውተሩ ራሱ ውጤቱን የሚያመሳክርባቸው ቴስቶች አድርገን ጻፍናቸው፣ አሰልቺ ነበር፣ ሳምንታት ፈጀ። በ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ሲቀየር ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ150 ወደ 600 ብር ከፍ አለ፣ 35 በመቶ የሚጀምርበትም ከ5,000 ወደ 10,900 ብር ሄደ። ከሐምሌ በፊት ላለ ወር ውዝፍ ሲከፈል ደግሞ በአሮጌው ሕግ መሰላት አለበት። የግብር ሠንጠረዡን በቀን ለይተን አስገባን፣ ቴስቶቹን አስኬድናቸው፣ በግማሽ ቀን አለቀ። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ፕሮዳክሽን፣ ማለትም ደንበኞች የሚሠሩበት ሶፍትዌር፣ አይነካም ነበር፣ ሰኔ 30 ሒሳብ የሚዘጋ ደንበኛ ላይ ምንም ያህል ቆንጆ አዲስ አገልግሎት (ፊቸር) ቢሆን አይጫንም።

ገንዘብ በሚያልፍበት ሥራ የአዲስ ኮድ አጫጫን ሥርዓት ቀልድ አይደለም። ናይት ካፒታል የሚባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. አዲሱን ኮድ ከ8 ሰርቨሮች 7ቱ ላይ ብቻ ጭኖ በ45 ደቂቃ ገደማ ወደ 440 ሚሊዮን ዶላር አጥቷል።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። የምግብ ቤት ትእዛዝ መቀበያ ነው የሚሠሩት። ያላቸው ገንዘብ ሦስት ወር ያቆያቸዋል። እንግዲህ ግባቸው በሦስት ወር ውስጥ የሚከፍል ሰው መኖሩን ማወቅ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ስላደረጉት ብቻ ሶፍትዌሩን አሥር ቦታ ከፋፍለውት ነበር። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ዳታቤዝ ይበቃችኋል አልኳቸው። በየሳምንቱ የተሻሻለውን አውጡ። የክፍያው ኮድ ላይ ግን አትቀልዱ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነብ አይግባ። ባክአፑንም (የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ) በወር አንዴ መልሳችሁ ሞክሩት፣ መኖሩን ማወቅ ብቻ አይበቃም። አንደኛዋ «ስታንዳፑስ?» አለችኝ፣ ቡድኑ በየቀኑ ቆሞ የሚያደርገውን አጭር ስብሰባ ማለቷ ነው። ሦስታችሁም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የምትውሉት፣ በዚያ 15 ደቂቃ ደንበኛ ጋ ሂዱበት አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። ፒያሳ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤቱ በር ላይ የምሳ ሰዓቱን ሙሉ ቆመው ነበር። ትእዛዝ የምትቀበለው ልጅ እጇ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ «ደርሶኛል» የሚለው አዝራር እምቢ ይላታል። አስተናጋጁም ያልደረሳት እየመሰለው ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ ይልካል። ለአንድ ወር ያህል ሰርቨሩ ላይ ሲፈልጉት የከረሙት ስህተት (ባግ) እሱ ነበር።