ተማሪዬ ጉድፍ ወጣበት፤ እኔ ደግሞ እርጉዝ ነኝ

ጤና ይስጥልኝ። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። የ14 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያዬ ነው። ሰኞ ዕለት አንድ ተማሪዬ ሲያለቅስ አቅፌ አባበልኩት። በማግስቱ ቀረ። ጉድፍ እንደወጣበት ትናንት ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በልጅነቴ ይውጣብኝ አይውጣብኝ አላውቅም፤ እንዳልጠይቃት እናቴ በሕይወት የለችም። ባለቤቴ «ምንም ሳይወጣብሽ ምን ያስጨንቅሻል? ጠብቂ» ይለኛል። እኔ ግን ልጄን በገዛ እጄ የጎዳሁት ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

እንቅልፍ ያጣሁት መምህርት

እህቴ፣ ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ነው የምመልስልሽ፤ ጉዳዩ ቀን የሚቆጠርበት ነው። ባለቤትሽ ክፉ አስቦ አይደለም። ግን አትጠብቂ። ጉድፍ ከተጋቡበት ቀን አንስቶ እስኪወጣ ከ10 እስከ 21 ቀን ይፈጃል። መከላከያው የሚጠቅመው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው።

ዛሬውኑ ለእርግዝና ክትትል ወደምትሄጂበት ቦታ ደውዪ። ሳትደውዪ አትሂጂ፤ ወረፋ የሚጠብቁት እንዳንቺው ነፍሰ ጡሮች ናቸው። «ሰኞ ዕለት ጉድፍ የያዘው ልጅ አቅፌ ነበር፣ 14 ሳምንቴ ነው» በያቸው። የደም ምርመራ ያዙልሻል። ደምሽ ውስጥ የጉድፍ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን የሚከላከልበት ነገር፣ ከተገኘ በቃ፣ ከሥጋቱ ዳንሽ። «አላስታውስም» ከሚሉት ሴቶች ብዙዎቹ ሲመረመሩ ይህ መከላከያ ይገኝባቸዋል።

ካልተገኘስ? ከተጋለጥሽ በ10 ቀን ውስጥ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል በመርፌ ሊሰጥሽ ይችላል። ሐኪምሽ በምትኩ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ሊመርጥም ይችላል። ክትባቱ ግን የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለበት ከወለድሽ በኋላ ነው።

የልጅሽን ነገር በቁጥር ልንገርሽ። በዚህ የእርግዝና ጊዜ እናትየዋ ብትታመም እንኳ ፅንሱ የሚጎዳው ከ100 ሁለት ገደማ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አንቺ ነሽ፤ ጉድፍ የነፍሰ ጡርን ሳንባ ሊያጠቃ ይችላል። ሽፍታ ካየሽ ወዲያው ደውዪ። ትንፋሽ ካጠረሽ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሂጂ።

ሥራሽ ከሕፃናት ጋር ነውና ሳይቶሜጋሎቫይረስ የሚባለውን፣ ፅንስን ሊጎዳ የሚችል ሌላ ቫይረስም እወቂው። በምራቃቸውና በሽንታቸው ይተላለፋል። አፍንጫ ከጠረግሽ፣ ዳይፐር ከቀየርሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

«በገዛ እጄ» ያልሽው ግን ልክ አይደለም። ጉድፍ ሽፍታው ከመውጣቱ አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ይጋባል። ሰኞ ዕለት ልጁ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። አንቺ የሚያለቅስ ሕፃን አቀፍሽ፤ ያደረግሽው ይኸው ነው።

ውጤቱ ሲደርስሽ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።