«ሱስ ይሆንብኛል» ብለው ያስቀመጡት ሽሮፕ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ በምላስ ካንሰር ምክንያት አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 2 ወር ሊሞላ ነው። ከአንገታቸውም እጢ ወጥቶላቸዋል። ቁስሉ ደርቋል፤ ግን ሌሊት ትከሻቸውን ይጠዘጥዛቸዋል። ጆሯቸው ሥር ደግሞ እንደ እሳት ያቃጥላቸዋል። ሞርፊን የሚባል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ታዞላቸው ነበር፤ «ሱስ ይሆንብኛል» ብለው አስቀመጡት። ምን ይሻላል? (ልጃቸው፣ ከኩታበር)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ከነገርሽኝ ስነሳ አባትሽን የሚያሰቃያቸው ሁለት ዓይነት ሕመም ይመስለኛል።

ከአንገት እጢ ሲወጣ ትከሻ የሚያነሳው ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ያኔ ትከሻ ይወርዳል፣ ክንድ ይከብዳል። ጋቢ መደረብ እንኳ ሥራ ይሆናል፤ እስኪ ሲደርቡ እያቸው፣ በደህናው እጃቸው ብቻ ነው የሚስቡት? ይህን ችግር ኪኒን ብቻውን አይፈታውም። ደሴ ስትሄዱ ፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ጠይቁ። እስከዚያው ሲቀመጡ ክንዳቸውን ትራስ ላይ ያሳርፉ። በቀዶ ሕክምናው ጎን እጅ ከባድ ነገር አያንሱ፤ ውኃ የሞላ ጀሪካን በፍጹም።

ማቃጠሉ የነርቭ ሕመም ነው የሚመስለው። ፓራሲታሞል ለዚህ ብዙም አይረዳም። ማታ ማታ በትንሽ መጠን የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ሐኪማቸው ሊያዝላቸው ይችላል። በአንድ ሌሊት ለውጥ አትጠብቂ። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፤ የጨረር ሕክምናም አፍ ያደርቃልና ወስደው ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው።

ወደ ሽሮፑ እንምጣ። የአባትሽን ፍርሃት ከብዙ አባቶች ሰምቻለሁ፣ አልፈርድባቸውም። ግን ለካንሰር ሕመም በታዘዘው ልክ ሲወሰድ ሱስ የሚሆንበት ሰው ጥቂት ነው። በብዛት የሚያስቸግረው የሆድ ድርቀት ነው፤ ስለዚህ ሞርፊን ሲጀመር ማለስለሻም አብሮ ይጀመራል። አረቄና የእንቅልፍ ኪኒን ከሱ ጋር አይደባለቁ። ሲታዘዝም በሰዓቱ ይወሰዳል፤ ሕመሙ ጣራ እስኪነካ ከተጠበቀ ያው መጠን አይበቃም። ይሁንና የድሮውን ጠርሙስ ከመደርደሪያ አውርደሽ ራስሽ እንዳትጀምሪላቸው። ከ2 ወር በኋላ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋቸው ሐኪም አይቶ ይወስን።

አንድ ነገር አደራ። ሕመሙ ቀን በቀን ከባሰ፣ አዲስ እብጠት ከወጣ ወይም መዋጥ ካቃታቸው ቀጠሮ አትጠብቂ። ደም ከፈሰሳቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጃቸው።

ስትሄዱ ጠርሙሱንም ያዢው። ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደሚነሳባቸው የ3 ቀን ጽፈሽ ብትወስጂ ደግሞ ለሐኪሙ ግማሽ ሥራ አቀለልሽለት።