ቀይዋን ኮከብ ለምትከታተሉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ተለዋዋጭ ከዋክብትን፣ ማለትም ድምቀታቸው የሚለዋወጥ ኮከቦችን፣ መከታተል የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሌሊት ውስጥ ለውጥ የምታሳየውን ይመርጣል። እኔ ግን ቀስ የምትለውን አር ሌፖሪስን እንድትይዙ እመክራችኋለሁ። የምትገኘው ከኦሪዮን እግር በታች፣ ጥንቸል በሚባለው ህብረ ኮከብ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጆን ራስል ሂንድ እ.ኤ.አ. በ1845 ለንደን ሆኖ ባያት ጊዜ በጥቁር መደብ ላይ ካረፈች የደም ጠብታ ጋር አመሳስሏታል፤ ደምቃ ሳይሆን ደብዝዛ ያያት ሰው ንጽጽሩ ያልተጋነነ መሆኑን ይመሰክራል።

ደምቃ፣ ደብዝዛ፣ መልሳ እስክትደምቅ 427 ቀን ገደማ ይወስድባታል። እጅግ ስትደምቅ ማግኒቲዩዷ (የድምቀት መለኪያዋ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮከብ ይደምቃል) 5.5 ይደርሳል፤ እጅግ ስትደበዝዝ 11.7 ይሆናል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት 300 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ሰሞን ቢኖኩላር ይበቃችኋል፣ ሌላ ሰሞን ያለ ቴሌስኮፕ አታገኟትም።

ቅላቷ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ አትመልከቷት። ያረጀች ግዙፍ ኮከብ ናት፤ በውስጧ ሂሊየም ወደ ካርቦን ይለወጣል፣ የሚናጠው ጋዝም ካርቦኑን እየዛቀ ወደ ላይ ያወጣዋል። በአብዛኞቹ ከዋክብት ኦክስጅን ስለሚበልጥ ካርቦኑ ከእሱ ጋር ተጣምሮ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ያልቃል፤ በእሷ ዘንድ ግን የሚበልጠው ካርቦኑ ስለሆነ፣ የተረፈው እርስ በርሱና ከናይትሮጅን ጋር እየተጣመረ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጠዋል፣ ከፊሉም ራቅ ብሎ ሲቀዘቅዝ ጥላሸት ይሆናል። የኩራዝ ብርጭቆ በጥቀርሻ ሲጠቁር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ዓይናችሁን ግን አትመኑት። ቀይ ኮከብ ላይ ዓይን ተክለው ሲቆዩ እየደመቀች የምትሄድ ትመስላለች። እኔ በጀማሪነቴ፣ ውበቷ ይዞኝ ደቂቃዎች ሙሉ አፍጥጬባት ከትክክለኛው በጣም የደመቀ ግምት ጻፍሁ፤ ስህተቱ የታወቀኝ የቀጣዮቹን ሌሊቶች ግምት በግራፉ ላይ ሳሰፍር፣ ያቺ ነጥብ ብቻዋን ተንጠልጥላ ስትቀር ነበር። እሷንና ማነጻጸሪያ ኮከቦቹን፣ ማለትም ድምቀታቸው የታወቀ ጎረቤቶቿን፣ በአጭር በአጭሩ እያፈራረቃችሁ ቃኙ፤ ምስሉን ትንሽ ማደብዘዝም ይረዳል።

ሌላው ፈተና ደመና ነው። በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ወደዚያ አቅጣጫ ትሄዳለች፤ ሐምሌና ነሐሴ ኮከቢቱ ሊነጋ ሲል ብትወጣም ለእኛ አገር ሰው ክረምት ነው። ዙሯ ከዓመት በ2 ወር ያህል ስለሚረዝም የድምቀቷ ጊዜ በየዓመቱ እየተገፋ ይሄድና አንዳንዴ ልክ እዚያ ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ክፍተቱን ባለፈው ዙር ጠባይ መሙላት ያምራችኋል። ነገር ግን ከ427 ቀኑ በላይ 40 ዓመት ገደማ የሚፈጅ ሌላ የድምቀት ውጣ ውረድ አላት፣ ከሥራ ዘመኔ የሚረዝም፤ ያለፈው ዙር ለመጪው ዋስ አይሆንም።

በእኔ መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያሉ ገጾች ብዙ ናቸው፤ ቀኑ አለ፣ ከጎኑ «ደመና» የሚል ቃል አለ፣ ቁጥር የለም።