ተሳቢ ለሚጎትት ፒክአፕ ጉልበት ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ ባለ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ አለኝ። ሞተሩ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው 5ኤል የሚባለው ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። በመኸር ወቅት የስንዴና የጤፍ መውቂያ ማሽን ከኋላ አስሬ ከደብረ ማርቆስ ወደ ገጠር ቀበሌዎች እወስዳለሁ፤ አንዳንዴም ዓባይን ተሻግሬ እስከ ፍቼ እዘልቃለሁ። ማሽኑ ከነተሳቢው 1,100 ኪሎ ይመዝናል፤ ተሳቢው የራሱ ፍሬን የለውም። ሜዳ ላይ ችግር የለብኝም፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ያጥረዋል፣ ጥቁር ጭስም ያወጣል። አንዱ መካኒክ ፖምፓው (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፕ) ላይ ናፍጣ ይጨመር ይለኛል፤ ሌላው ተርቦ ግጠም ይለኛል። የትኛውን ልስማ?
አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ የመጀመሪያውን ምክር እንዳይቀበሉ አጥብቄ አሳስብዎታለሁ። ጥቁር ጭስ ማለት ወደ ሞተሩ ከገባው ናፍጣ ከፊሉ የሚያቃጥለው አየር አጥቶ ጥላሸት ሆኖ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ የመኪናዎ ችግር የናፍጣ ማነስ ሳይሆን የአየር ማነስ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር የሰጠው ወደ 100 የፈረስ ጉልበት እናንተ ዘንድ 80 ገደማ ነው የሚሆነው። በዚህ ላይ ናፍጣ ቢጨመር ጭሱ ይበዛል፣ ፒስተኑና ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ከመጠን በላይ ይግላሉ፤ የሚገኘው ጉልበት ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ቀጥሎ የሚያስፈልግዎትን ጉልበት እናስላ። መኪናው ከነሰዎቹና ከነዕቃው 2,000 ኪሎ ቢመዝንና ተሳቢው 1,100 ቢሆን፣ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ከፍ የሚል ዳገትን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ጎማው ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይበቃል። ያንኑ ዳገት በ60 እወጣለሁ ካሉ ግን ከ60 በላይ ያስፈልጋል፤ ከካምቢዮና ከዲፈረንሻል የሚባክነው ሲታሰብ ይህ በእርስዎ ከፍታ ሞተሩ ሊሰጥ ከሚችለው ዳርቻ ይደርሳል። እንግዲህ ጤነኛ 5ኤል ይህን ጭነት ዳገት ያወጣል፤ የሚያወጣው ግን ፍጥነቱ በ40ዎቹ ውስጥ ሆኖ፣ ማርሹም ሞተሩ ከመዳከሙ በፊት አስቀድሞ ሲቀነስ ነው።

ጤነኛ መሆኑን ማረጋገጥ ደግሞ ከሁሉም የረከሰው ሥራ ነው። የመውቂያ ቦታ ብናኝ የአየር ፊልትሮን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊደፍነው ይችላል። ፊልትሮውን አውጥተው መብራት ወደ ውስጡ ያስገቡና ከውጭ ይመልከቱት፤ ብርሃኑ ካላለፈ ተደፍኗል፣ በአንድ ነጥብ ላይ ደምቆ ከታየ ደግሞ ተቀዷል። በተለምዶ በኮምፕረሰር ኃይለኛ አየር ስለሚጸዳ ወረቀቱ የሚቀደደው እዚያው ነው፤ በተቀደደ ፊልትሮ የሚገባ አቧራም የፒስተን ፋሻና ሲሊንደር ይበላል። ከዚያ ኢንጀክተሮቹ በመሞከሪያ ማሽን ይፈተሹ፣ የፖምፓው ታይሚንግ (ናፍጣ የሚረጭበት ቅጽበት) ይለካ፤ የታይሚንግ ቺንጊያ ሲቀየር አንድ ጥርስ ቢዛነፍ እንኳ ሞተሩ ይደክማል። ጎማዎን ለውጠው ከሆነም ያስቡበት፤ ከ205 አር 16 ወደ 265/75 አር 16 መሄድ የጎማውን ቁመት ከ8 በመቶ በላይ ስለሚጨምር፣ በየማርሹ የሚያገኙትን የመጎተት ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል። የድሮውን መጠን መመለስ ያለ ምንም የሞተር ሥራ ያንን ጉልበት ይመልስልዎታል።

ተርቦውን በተመለከተ ሁለተኛው መካኒክ ከእውነት አልራቀም፤ የጎደለው አየር ነውና። ይሁን እንጂ ሞተሩ ያለ ተርቦ የተሠራና እምቂያው (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን የሚጨምቅበት መጠን) ከ22 ለ1 በላይ ስለሆነ ግፊቱ ዝቅተኛ መሆን አለበት። በእርስዎ ከፍታ የአየሩ ግፊት 0.75 ባር ገደማ በመሆኑ፣ 0.3 ባር ብቻ ቢጨመርለት ሞተሩ የባሕር ጠለል አየሩን ያገኛል። ነገር ግን ተርቦው ያንኑ ጭማሪ ይዞ ወደ ቆላ ሲወርዱ ጠቅላላው ግፊት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ማስተካከያው የሚደርሱበትን ዝቅተኛ ቦታ ታሳቢ ያድርግ፣ ጭሱ ተርቦው ጋ ከመድረሱ በፊት ባለው ቦታም የጭስ ሙቀት መለኪያ ይገጠም፤ ሙቀቱ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ከተጠጋ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ያንሡ። ራዲያተሩ፣ ፍሪሲዮኑና የሞተር ዘይቱ ለዚህ ካልተዘጋጁ ግን ተርቦው ይቅር።

የራዲያተሩን ክዳን በተለይ ይዩልኝ። በእናንተ አካባቢ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሳይፈላ ከዚያ በላይ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ይህን አይችልም። የዓባይ በረሃን መውጫ የሚያከብደውም ይኸው ነው፤ ከድልድዩ ሲነሡ ሙቀቱ ሞተሩን ያስጨንቀዋል፣ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን ሲጠጉ ደግሞ አየሩ ይሳሳል።

ከጉልበቱ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ብዙ አምራቾች ለእንዲህ ያለው ፒክአፕ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ ይወስናሉ፤ የእርስዎ 1,100 ነው። ዓባይ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚያስወርድ መንገድ ነው፤ በእግር ፍሬን ብቻ ከተወረደ ፍሬኑ ግሎ መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ለተርቦ ያሰቡትን ገንዘብ አስቀድመው ለተሳቢው ፍሬን ያውሉት፤ መኪናው ሲቀንስ ተሳቢው ወደፊት በሚገፋበት ኃይል ራሱ የሚይዝ ሜካኒካል ፍሬን ይበቃል። ማሽኑንም ከተሳቢው ክብደት 10 በመቶ ያህሉ መንጠቆው ላይ እንዲያርፍ አድርገው ያስቀምጡት፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ካጋደለ ተሳቢው ይወዛወዛል፣ መኪናውንም ይዞ ሊገለብጥ ይችላል። ፍሬኑ እስኪሠራ ድረስ በተሳቢው ዓባይን ባይሻገሩ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የእኔ ሃይሉክስ ባለ ተርቦ ዲ-ፎር-ዲ (ናፍጣው በኮምፒውተር የሚመጠን የቶዮታ ሞተር) ነው። ጉልበት የሚጨምር ቺፕ ለጀልባ መጎተቻ ይረዳኛል?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ተርቦ ያለው ሞተር በከፍታ የሚያጣው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ጉልበቱ በግልጽ ከቀነሰ ከፋብሪካው በታች ወርዷል ማለት ነው። በመጀመሪያ ከተርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ቱቦዎች እንዳልተሰነጠቁ፣ ኢጂአሩ (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ) በጥላሸት እንዳልተደፈነና የኢንጀክተሮቹ መላሽ ናፍጣ ልክ መሆኑን ያስፈትሹ። የነዳጅ ግፊት ሴንሰሩን እያታለሉ ግፊት የሚያስጨምሩትን ርካሽ ሣጥኖች አልመክርም፤ የደከመ ኢንጀክተር ላይ ሲጨመሩ ፒስተን እስከ ማቃጠል ይደርሳሉ። ሁሉም ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ በኋላ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም በመጠኑ ማስተካከል ይቻላል፤ ጀልባውን ከሐይቁ ዳር ለማውጣት ግን መሬቱ እርጥብ ወይም ልል ከሆነ በከባድ ማርሽ፣ በአራቱም ጎማ ቀስ ብሎ መሳብ ይበቃዎታል። አስፋልት ላይ ሲደርሱ ወደ ሁለት ጎማ ይመልሱት።