«በዝምታ ይሳተፋሉ» ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ለቅዳሴ መመሪያ ወረቀት «ከስብከቱ በኋላ ምእመናን በዝምታ ይሳተፋሉ» ብለን ጻፍን። አራሚያችን ግን «ዝም ያለ ሰው አይሳተፍም፤ ‹ይከታተላሉ› በሉት» አሉን። የቱ ነው ትክክል? ዝምታ፣ ጸጥታና አርምሞስ አንድ ናቸው?

መልስ፦ «ይሳተፋሉ» ይቆይ። «ይከታተላሉ» ምእመኑን ተመልካች ያደርገዋል።

ተሳተፈ እንደ ተካፈለ ሁሉ «ተ» ቀድሞት መነሻ ፊደሉ ራብዕ የሆነ ግስ ነው፤ ድርሻ መያዝን እንጂ ድምፅ ማሰማትን አይናገርም። ግእዙ ሱታፌ ኅብረት፣ ተካፋይነት ነው። ዘመዶቹ ሩቅ ድረስ ይሄዳሉ፦ የዕብራይስጡ ሹታፍም የአካድኛው ሹታፑም ሸሪክ ማለት ናቸው። ሸሪክ ባይናገርም ድርሻው አይቀርበትም።

«ተሳትፎ መዘመርና መመለስ ነው» የሚሉ አሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ፣ አንቀጽ 30፣ የምእመናንን ተሳትፎ ሲዘረዝር ምላሹን፣ መዝሙሩንና የአካል እንቅስቃሴውን ይጠራል፤ እዚያው ላይ በተገቢው ጊዜ ቅዱስ ዝምታ እንዲጠበቅ ያዛል። በአማርኛማ ዝምታ ራሱ ያለ «አለ» አይቆምም፦ ዝም አለ፣ ጸጥ አለ፣ ጭጭ አለ።

ሦስቱ ቃላት ግን አንድ አይደሉም። ጸጥታ የቦታ ነው። ዝምታ የአፍ ነው፤ ኩርፊያም ሊሆን ይችላል። ከግእዙ አርመመ የመጣው አርምሞ ዛሬ ልብ የሚሠራበትን ዝምታ ይዟል፤ ለቅዳሴ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ካህኑ «እንጸልይ» ብለው ፋታ ሲሰጡ እያንዳንዱ ልመናውን በልቡ ያቀርባል፤ ቀጥሎ ካህኑ የሚያሰሙት ጸሎት ያን ሁሉ ይሰበስባል። ፋታው ከተዘለለ የሚሰበሰብ የለም። ከንባብና ከስብከት በኋላ ደግሞ ማሰላሰል ነው፤ ከቁርባን በኋላ ምስጋና። ወረቀቱ «ጸጥታ» ብቻ ካለ ሕዝቡ ካህኑ ገጽ የጠፋባቸው ይመስለዋል፤ ሳል ይጀመራል፣ ኦርጋን ነኪውም ክፍተቱን ሊሞላ ይቸኩላል። ስለዚህ ሥራውን ጻፉለት፦ «በአርምሞ ይለምናሉ»፣ «የሰሙትን በአርምሞ ያሰላስላሉ»፣ «በአርምሞ ያመሰግናሉ»። በማይክሮፎን «አሁን ጸጥታ» ብሎ ማወጅ የተጀመረውን አርምሞ ይሰብረዋል።

ጸጥታን ለጸሎት ጆሮዬ አይወደውም፤ የጸጥታ ኃይልና የጸጥታው ምክር ቤት ወርሰውታል። ይሁንና «የጸጥታ ጊዜ» ሰዉ የሚለውና የሚረዳው ስለሆነ ስሕተት ነው ብዬ አልሰርዘውም። በተሳትፎ ፈንታም ሱታፌ ቢመለስ ደስ ባለኝ፤ ግን ተሳትፎ አሸንፏል።