ለአሮጌ የጀልባ ሞተር የትኛው ቤንዚን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የገላን ነዋሪ ነኝ። ከአጎቴ የወረስኩት 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር አለኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ቆቃ ወስጄ ዓሣ አጠምድበታለሁ። አንዱ ጓደኛዬ «የዛሬ ቤንዚን ለአሮጌ ሞተር አይሆንም፤ እርሳስ ያለበት የአውሮፕላን ቤንዚን ፈልግ» ይለኛል። ሌላው «ትንሽ ላምባ ጨምርበት» ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የሁለቱንም አትስማ። እርሳስ የሚጠቅመው የቫልቭ መቀመጫን ነው፤ ያንተ ሞተር እንደ መኪና የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ የለውም። ማደያው የሚሸጠው ተራ ቤንዚን ይበቃዋል። ላምባ ደግሞ ለላምባ ተብሎ ላልተሠራ ሞተር ፒስተን ማቃጠያ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ያልጠየቅከኝ ነገር ነው፤ ቤንዚኑ ላይ ምን ዘይት ነው የምትቀላቅለው? የመኪና ዘይት ከሆነ ዛሬውኑ አቁም፤ ሲቃጠል አመድ ይተዋል፣ ካንዴላውም ቶሎ ቶሎ ይበላሻል። የባጃጅና የሞተር ሳይክል የሁለት ምት ዘይትም በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ነው። ያንተ የሚቀዘቅዘው በሐይቅ ውኃ ስለሆነ፣ ዕቃው ላይ «ቲሲ ደብሊው 3» የሚል ምልክት ያለበትን ፈልግ። መጠኑ ሞተሩ ላይ ይጻፋል፤ 50 ለ 1 ከሆነ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ጽሑፉ ጠፍቶ ከሆነ በ25 ለ 1 ጀምር፤ ማለትም 400 ሚሊ ሊትር። ይጨሳል፣ ካንዴላም ያጠቁራል፤ ካንዴላ ግን ከፒስተን ይረክሳል።

ወደ ቤንዚኑ ልመለስ። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መጨመር ተጀምሮ ነበር፤ በኋላም ወደ 10 ከፍ ብሏል። ኢታኖል ውኃ ይስባል፣ የድሮ ጎማ ቱቦም ያሳብጣል። የቀዳኸውን ለማወቅ ቁጥር ያለበት የሕፃን ጡጦ ይበቃሃል። እስከ 20 ውኃ፣ ከዚያ እስከ 200 ቤንዚን ሙላና ነቅንቀህ አስቀምጠው። ሲረጋ ከሥር ያለው ውኃ ከ20 በላይ ከወጣ ኢታኖል አለበት። (ጡጦው ወደ ልጅ አይመለስም፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።) መንገድ ዳር በሀይላንድ የሚሸጠውን ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርግበት፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ላምባ የገባበት ቅባት ይተዋል።

የቀላቀልከውንም አታቆይ። እኔ አንድ ዓመት ከሰኔ የተረፈኝን ቅልቅል በመስከረም ይዤ ሄድኩና ሞተሩ ሐይቁ መካከል ቀጥ አለ። በመቀመጫው ጣውላ እየቀዘፍኩ ዳር ስደርስ መሽቶ ነበር። ካርቡራተሩን (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ዕቃ) ስፈታው ከሥሩ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ዝቃጭ ተጋግሮበት አገኘሁ። ስለዚህ ከሐይቅ ከመውጣትህ በፊት የቤንዚኑን ቱቦ ንቀልና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስነሳው።

የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን የካርቡራተሩን ብሎን ደግሞ ገላን ግቢህ ውስጥ አትንካ። ቆቃ ከገላን 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል አየሩ ይወፍራል፤ እዚህ በልክ ያደረግከው ቤንዚን እዚያ ያንሳል። ቤንዚን ሲያንስ አብሮት የሚመጣው ዘይትም ያንሳል። ብሎኑን ጀልባው ውኃ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አስተካክለው።